ንፍጥ ከወዴት ይመጣል? አለርጂ ስላልሆነው የዘወትር የአፍንጫ መቈጣትና ስለ ሕክምናው ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ ጉንፋንን የማያውቅ ሰው የለም። ጉንፋን ይመጣል፤ ለሳምንት ያህል ያስነጥሳል፥ ያስላል፥ ከዚያም ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደ እንግዳ ታግሦ ይሸኘዋል እንጂ ብዙ አይጨነቅበትም። ዛሬ የምንናገርለት ሕመም ግን እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንደ ባለቤት የሚቀመጠው ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ አፍንጫ ይታፈናል፤ ከሞቀ ክፍል ወደ ብርድ ሲወጡ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል፤ የሲጋራ ጢስ ወይም የባልደረባ ሽቱ ሲሸት፥ የአሮጌ መዝገብ አቧራም ሲነሣ ያስነጥሳል፤ ሌሊት ደግሞ ንፍጡ በጉሮሮ በኩል ቍልቍል እየወረደ ያስላል። ትኵሳት የለም፤ ሰውነትም አይከሳም። ነገር ግን ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያደረ ሰው በማግሥቱ በጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል።

በከተማችን ይህን ሁሉ «ሳይነስ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። አንዱ «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል፤ ሌላው «አለርጂ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ይገዛል። እያንዳንዱ አባባል አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ሳይነስ ማለት በፊት አጥንት ውስጥ ላሉት ባዶ ክፍሎች የተሰጠ ስም ነው፤ አለርጂም የራሱ መመርመሪያ ያለው የታወቀ ነገር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ፥ ጀርም ያላመጣው፥ በአለርጂም ምርመራ የማይገለጥ፥ ለወራትና ለዓመታት የሚቆይ የአፍንጫ ውስጥ ሽፋን መቈጣት አለ። ሐኪሞች «አለርጂ ያልሆነ» እያሉ ይጠሩታል። ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደ ሆነ የማይናገር ስም ስለ ሆነ ሰሚውን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የሕክምና ጠበብት እንዲህ ወዳለው ትሑት ስም ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ከዚያ በፊት «ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ» እያለ የተነሣው ሁሉ በሕመምተኛው ላይ ያደረሰው ጕዳት ቀላል አልነበረም። ታሪኩን ከሥሩ ብንጀምረው ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮማ ከተማ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌኖስ፥ ንፍጥ የአንጎል ዝቃጭ ነው ብሎ አስተማረ። በእርሱ አስተያየት ቀዝቃዛና እርጥብ የሆነው የአንጎል ትርፍ፥ ከአፍንጫ በላይ ባለው እንደ ወንፊት በተበሳሳው አጥንት እየተጣራ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ግሪኮች ለሕመሙ ያወጡለት ስም ራሱ «ቍልቍል መፍሰስ» የሚል ትርጕም ነበረው። አሳቡ እንዲሁ የተፈጠረ አልነበረም፤ አጥንቱ በእርግጥ የተበሳሳ ነው፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው ራሱ ይከብደዋል። ስለዚህ የዐረብም የአውሮፓም ሊቃውንት ይህን ትምህርት ከ1,400 ዓመት በላይ ተቀባበሉት። በ1543 ስለ ሰው አካል አቋም ታላቁን መጽሐፍ ያሳተመው ቬሳሊዩስ እንኳ፥ የጋሌኖስን ስሕተቶች ብዙዎቹን ሲያፈርስ ይህኛውን ሳይነካው አለፈ። በአንጎል ሥር የተንጠለጠለችውን ትንሽ ዕጢ የንፍጥ መቀበያ አድርጎ ቈጠራት። ይህች ዕጢ ዛሬም በላቲን ቋንቋ አክታ ወይም ንፍጥ ከሚለው ቃል በወጣ ስም «ፒቱይታሪ» ትባላለች። የእድገትና የሌሎችም ዕጢዎች አዛዥ መሆኗ ከታወቀ በኋላም የንፍጥ ስሟ አልተለወጠም።

የተሳሳተ አሳብ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ቢቀር ጕዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን ንፍጥ ከአንጎል የሚወርድ ከሆነ ሕክምናው አንጎልን ማጠብ ይሆናል። ስለዚህ ሕመምተኛው ደሙ ይፈስ፥ ሆዱም በሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠረግ፥ አፍንጫውም በሚያስነጥስ ዱቄት ይሞላ ነበር። በ1560 ገደማ በፖርቱጋል የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበረው ዣን ኒኮ፥ ከአሜሪካ የመጣውን ትንባሆ ለንግሥት ካተሪን ደ ሜዲቺ ለራስ ምታት መድኃኒት እንዲሆን ላከላት። ከዚያ በኋላ ሱረት መሳብ በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ የመኳንንት ልማድ ሆነ። ኒኮቲን የተባለውም መርዝ ስሙን ያገኘው ከዚህ መልእክተኛ ነው። ትንባሆ አፍንጫን ከሚያስቈጡት ነገሮች ዋነኛው መሆኑን ዛሬ እናውቃለን፤ እንግዲህ እነዚያ መኳንንት የአፍንጫቸውን ሕመም የሚያድኑ እየመሰላቸው በየቀኑ ይመግቡት ነበር ማለት ነው።

ይህን ትምህርት ያፈረሰው በጀርመን አገር በዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የነበረው ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ነው። ከ1660 ጀምሮ በተከታታይ ባሳተማቸው ረጃጅም መጻሕፍት፥ የዚያ የተበሳሳ አጥንት ቀዳዳዎች በነርቭና በሽፋን የተደፈኑ እንደ ሆኑ፥ ንፍጥንም የሚያመነጨው የአፍንጫው የራሱ ስስ ሽፋን እንደ ሆነ አስረዳ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎወር ይህንኑ አጸና። የሽናይደር መጻሕፍት እጅግ የረዘሙ ስለ ነበሩ ያነበባቸው ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የአፍንጫው ሽፋን እስከ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ በስሙ ይጠራል። ለጋሌኖስ ፍትሕ ለመስጠት ያህል አንድ ነገር እንጨምር፤ የራስ ቅል ሥር በአደጋ ሲሰነጠቅ በአንጎል ዙሪያ ያለው ንጹሕ ፈሳሽ በእርግጥ በአፍንጫ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ራሱን ከተመታ በኋላ በአንድ አፍንጫው ብቻ እንደ ውሃ የጠራ፥ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ የሚወርድበት ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ሳይዘናጋ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባዋል።

ንፍጥ ከአፍንጫ የሚመነጭ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ፥ አፍንጫው ያለ ጉንፋን ለምን ይቈጣል? የሚለው ነበር። ለዚህ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ የመጣው በጎረቤቱ በኩል ነው። በ1819 የለንደኑ ሐኪም ጆን ቦስቶክ በየበጋው የሚነሣበትን የራሱን ሕመም ለሐኪሞች ማኅበር ዘርዝሮ አቀረበ። በ1873 ደግሞ የማንቸስተሩ ቻርልስ ብላክሊ፥ የዚህ «የድርቆሽ ትኵሳት» ምክንያት የሣር አበባ ብናኝ መሆኑን በራሱ አካል ላይ ፈትኖ አስረዳ። ክንዱን ጭሮ ብናኙን አስነካበት፤ በወረቀት ካይት አማካይነትም የሚያጣብቅ መስተዋት ወደ ሰማይ ልኮ በአየር ላይ ያለውን ብናኝ ቈጠረ። በ1906 የቪየናው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ቃል ፈጠረ። እንግዲህ ብዙ አፍንጫዎች ምክንያታቸው ታወቀ፤ ነገር ግን በበጋም በክረምትም፥ ብናኝ ባለበትም በሌለበትም የሚፈስሰው አፍንጫ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ይህን ለመረዳት አፍንጫ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአፍንጫ ግድግዳ ላይ በየጎኑ የተጠመዘዙ ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ በላያቸው ላይ ያለው ሽፋን በደም ሥር የተሞላ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ያብጣል፥ ይሟሽሻልም። ሥራው የምንተነፍሰውን አየር ወደ ሳንባ ከመድረሱ በፊት ማሞቅ፥ ማርጠብና ማጣራት ነው። ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ነርቮች ያዝዙታል፤ አንደኛው የደም ሥሮቹን እያጠበበ መንገዱን ይከፍታል፤ ሁለተኛው ዕጢዎቹን እየቀሰቀሰ ፈሳሹን ያወርዳል። በ1895 ጀርመናዊው ሪካርድ ካይዘር፥ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች በየጥቂት ሰዓቱ ተራ እየተቀባበሉ አንዱ ሲጠብ ሌላው እንደሚከፈት ጻፈ። እርስዎም ዛሬ ማታ በመስተዋት ላይ ቢተነፍሱ በሁለቱ እንፋሎት መካከል ያለውን ልዩነት ሊያዩ ይችላሉ። ስለዚህ «አንዱ አፍንጫዬ ይደፈናል፤ ሲገላበጡም ሌላው ይተካል» የሚል ሰው ጤነኛ አፍንጫ ያለው ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ በነርቭ የሚታዘዝ አካል ለተሳሳተ ምኞት የተጋለጠ ነው። በ1884 ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ኮኬይን አካልን እንደሚያደነዝዝ አሳየ፤ ሐኪሞችም ወዲያው በአፍንጫ ውስጥ ያለ ሥቃይ መቍረጥና መተኰስ ጀመሩ። በዚያ ዘመን የተነሣ አንድ ትምህርት አስምን፥ ራስ ምታትን፥ የሆድ ሕመምን ሁሉ ከአፍንጫ የሚነሣ የነርቭ ሁከት ነው ይል ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሄደበት የበርሊኑ ቪልሄልም ፍሊስ ነው፤ በአፍንጫ ውስጥ ከማሕፀን ጋር የተያያዙ ቦታዎች አሉ ብሎ አስተማረ። በ1895 መጀመሪያ የሲግመንድ ፍሮይድ ሕመምተኛ የነበረችን አንዲት ወጣት አፍንጫ ቀዶ፥ ግማሽ ሜትር ያህል የቍስል ጨርቅ በውስጡ ረስቶ ሄደ። ሌላ ሐኪም ጨርቁን ስቦ ሲያወጣ ሴትዮዋ ደሟ ፈስሶ ለሞት ተቃርባ ነበር። እርስዋ የተረፈችው ፊቷ ተጐድቶ ነው፤ ፍሊስ ግን ትምህርቱን በ1897 በመጽሐፍ አሳተመ።

ከዚህ ያነሰ ቢሆንም የበዛ ጕዳት ያደረሰው የተጠመዘዙትን አጥንቶች ቈርጦ መጣል ነው። አሳቡ ቀላል ነበር፤ መንገድ የዘጋ ነገር ይነሣ! ነገር ግን ብዙ በተቈረጠ ቍጥር አፍንጫው ይደርቃል፥ ይቀረፍራል፤ ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ሰውየው ሰፊ የአየር መንገድ እያለው ታፍኛለሁ ይላል። አየር ማለፉን የሚነግሩን ነርቮች ከአጥንቱ ጋር ተቈርጠው ሄደዋልና። በ1994 አሜሪካዊው ዩጂን ከርንና ባልደረባው ለዚህ ሁኔታ «ባዶ አፍንጫ» የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ ጠንቃቃ ቀዳጅ ቢያሳንስ እንጂ ነቅሎ አይጥልም።

አሁን ወደ መድኃኒት ጠብታ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል፤ ምክንያቱም ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ሳይሆን ምናልባት በእርስዎም መሳቢያ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከጥንታዊ የቻይና ተክል በ1885 ጃፓናዊው ናጋይ ኤፌድሪንን ለየ። በ1920ዎቹ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች የደም ሥርን በማጥበብ የታፈነ አፍንጫን እንደሚከፍት ተረዱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አምፌታሚን የተሞላ «ቤንዘድሪን» የሚባል መሳቢያ ቱቦ ለገበያ ወጣ። ሰዎችም ቱቦውን እየሰበሩ በውስጡ ያለውን ወረቀት ለመነቃቂያ ይውጡት ስለ ነበር፥ በ1959 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ተከለከለ። በ1940ዎቹ ናፋዞሊን፥ በኋላም ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የተባሉት ብርቱ ጠብታዎች መጡ።

እነዚህ ጠብታዎች በደቂቃ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። የጠበበው የደም ሥር ኃይሉ ሲያልፍበት ከፊተኛው ይልቅ ያብጣል፤ ባለቤቱም እንደ ገና ያንጠባጥባል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የነበረው አራት፥ አራትም የነበረው ስምንት ይሆናል። በመጨረሻ ሰውየው ብልቃጡን ሳይዝ ከቤት አይወጣም፤ ከትራስ ሥርም ያስቀምጠዋል። በ1946 በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሌክ የተባለ ሐኪም ለዚህ ሁኔታ መድኃኒት ያመጣው የአፍንጫ መቈጣት የሚል ስም ሰጠው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተሰጡት ስሞች ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው፤ ምክንያቱን የሚናገር ስም ስለ ሆነ መፍትሔውንም ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ጠብታ ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ መውሰድ፥ ከዚያም ማቆም ነው። ለወራት የለመደበት ሰው ደግሞ በሐኪም ረዳትነት፥ ብዙ ጊዜም በኮርቲዞን ዘር በሆነ የአፍንጫ ርጭት እየታገዘ ይተወዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ናቸው፤ ነገር ግን ያልፋሉ።

ከአፍንጫ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው የሚመስሉ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በ1952 ከህንድ ተክል የተለየው ሬዘርፒን የደም ግፊትን ዝቅ ሲያደርግ የብዙ ሕመምተኞችን አፍንጫ ይደፍን ነበር። ዛሬም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ይህን ያመጣሉ። እርግዝናም፥ የእንቅርት ዕጢ መዳከምም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪም ስለ አፍንጫ ሲጠይቁት ስለሚውጡት ክኒን ሁሉ መልሶ ቢጠይቅዎት ከነገሩ የወጣ አይምሰልዎ።

በ1961 የለንደኑ ቀዳጅ ጎልዲንግ ዉድ ሌላ መንገድ ሞከረ። ፈሳሹን የሚያዝዘው ነርቭ ከታወቀ ለምን አይቈረጥም? አለ። ነርቩ በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው በጣልያናዊው ቪዲዩስ ስም የሚጠራው ነው። በፊት አጥንት በኩል ገብቶ ቈረጠው፤ ንፍጡም ቆመ። ነገር ግን ይኸው ነርቭ የእንባንም ዕጢ ስለሚያዝዝ የብዙዎቹ ዓይን ደረቀ፤ ነርቩም ቀስ በቀስ ሲያገግም ንፍጡ ተመለሰ። ዛሬ የሚቈርጡት ወይም በብርድ የሚያደክሙት ወደ አፍንጫ ብቻ የሚሄዱትን ቅርንጫፎች ነው። ከቢላዋ ይልቅ ዕጢዎቹን የሚያሳርፍ ርጭት ተሻለ። አይፕራትሮፒየም የተባለው በ1995 በአሜሪካ ለአፍንጫ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት የአትሮፒን ዘመድ ነው፤ አትሮፒንም በአገራችን አስተናግር በሚባለው ተክል ውስጥ የሚገኝ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ ተክሉን ራሱን ለመሞከር ማሰብ ዕብደት ነው። ርጭቱ ፈሳሹን ያቆማል፤ መታፈኑን ግን አይከፍትም።

ድንበሩ በእርግጥ የተለየው ከ1966 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ነው። በአሜሪካ የሚሠሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፥ በስዊድንም ዮሃንሶንና ቤኒክ፥ አለርጂን የሚሸከመውን የደም ፕሮቲን አገኙ፤ «አይጂኢ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ክንድን በመርፌ ጫፍ በመጫር ወይም ደምን በመመርመር የአንዱ ሰው አፍንጫ በአለርጂ መቈጣቱን ወይም አለመቈጣቱን መናገር ተቻለ። በ1999 በአሜሪካ 975 ሕመምተኞች ተመርምረው 43 በመቶ አለርጂ ብቻ፥ 23 በመቶ ከአለርጂ ውጭ የሆነ፥ 34 በመቶም ሁለቱ የተቀላቀሉበት ሆነው ተገኙ። በየመድኃኒት ቤቱ «የአለርጂ ክኒን» ብሎ የሚገዛ ሰው እነዚህን ቍጥሮች ቢያስብ መልካም ነው፤ ከአለርጂ ውጭ ለሆነው አፍንጫ ክኒኑ ብዙ አይረዳም፤ አሮጌዎቹ ዓይነቶች ደግሞ በሥራ ሰዓት ያስተኛሉ።

«አለርጂ ያልሆነ» የተባለውም አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ቈይቶ ታወቀ። በ1981 ጃኮብስና ባልደረቦቹ የቆዳ ምርመራቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ንፍጣቸው ኢዮሲኖፊል በተባሉ የደም ሕዋሳት የተሞላ ሰዎችን ገለጡ። እነዚህን የኮርቲዞን ዘር ርጭት ደኅና አድርጎ ይረዳቸዋል። የሌሎቹ ንፍጥ ግን ባዶ ነው፤ የሚቀሰቅሳቸው ብርድ፥ ጢስ፥ ሽቱና ቅመም የበዛበት ምግብ ነው። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጕልምስና በኋላ ይጀምራል፤ ዓይን አያሳክክም፤ በቤተ ሰብም አይወረስም። ሐኪም ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈን ወይም ደም የቀላቀለ አፍንጫ ከሆነ ደግሞ በመሣሪያ ወደ ውስጥ ማየት ግዴታው ነው። በጨው ውሃ ማጠብ ለሁሉም ዓይነት የሚስማማ፥ ርካሽና ጕዳት የሌለው ነገር ነው፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን እንጂ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠንም ለጊዜው ያሳርፋል፤ ከድስቱ አጠገብ ግን ሕፃን አይኑር።

በመጨረሻ ስለ በርበሬ እንናገር። ሚጥሚጣ የበዛበት ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ መሐረብ የማያወጣ ማን ነው? በዚያ ጊዜ የሚፈስሰው ንፍጥ ከአለርጂ የመጣ አይደለም፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ነገር የሥቃይ ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ ነው። የሃንጋሪው ሚክሎሽ ያንቾ፥ እነዚህ ነርቮች በካፕሳይሲን ደጋግመው ሲነኩ ደክመው ዝም እንደሚሉ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። በ1997 አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ ካፕሳይሲን የሚያንኳኳትን በር፥ በነርቩ ላይ ያለችውን ፕሮቲን አገኘ፤ ለዚህም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሐኪሞች በ2003 ባወጡት ጥናት ምክንያት ላልተገኘላቸው ሕመምተኞች አፍንጫውን አስቀድመው አደንዝዘው፥ የተመጠነ ካፕሳይሲን በአንድ ቀን አምስት ጊዜ በየሰዓቱ ረጩ፤ እፎይታው ለወራት ቈየ። በ2014 በቤልጅግ በሉቨን የተሠራ ምርመራም በእነዚህ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ያች በር ከመጠን በላይ በዝታ እንደ ነበር፥ ከሕክምናውም በኋላ እንደ ቀነሰች አሳየ። ይህ በሆስፒታል በሐኪም እጅ የሚሠራ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ በርበሬ ወቅጦ አፍንጫ ውስጥ መንፋት አፍንጫንም ዓይንንም ያቃጥላል እንጂ አያድንም። በሮተርዳም በቤት አቧራ ተውሳክ አለርጂ ለተያዙ ሰዎች ይኸው ካፕሳይሲን በተሰጠ ጊዜ ግን፥ በ2000 እንደ ተጻፈው፥ ምንም አልፈየደም። ስለዚህ በዚህ የሚያክሙት ሐኪሞች ብልቃጡን ከመክፈታቸው በፊት ክንድን በመርፌ ጫፍ ይጭራሉ።